ጤና መኮንን አለኸኝ ንዳድን በዱቄት ድል እንዳደረጉ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጤና መኮንን አለኸኝ ከከተማ በተመለሱ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ በፎገራ ሜዳ በቁሐር ሚካኤል ከዋርካው ሥር የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ ራሳቸው ጤና መኮንኑ፣ የወረታ ክሊኒክ ዘበኛ ደሳለው፣ የመድኃኒቱን ሣጥን እንድትሸከም የመጣች በቅሎ፣ ንዳድ የያዛቸው ሃያ አራት የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ የማኅበሩም አለቃ ሙሴ ሰጠኝ።

እኒህ አለኸኝ፣ ሥዩመ መዝገብ፣ መስፍነ እርሳስ፣ ጸሐፌ ትኩሳት፣ አስቀድሞ በወረታ ቁስል ያጥቡ፣ መርፌ ይወጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለሕክምና ባለሙያዎች ለሚሰጠው ከፍተኛ የምርምር ትምህርት ተመርጠው፣ አምስት ወር በከተማ ተቀምጠው፣ ሰው ማከም ትተው ሰው መቁጠር ተምረው፣ ነጭ ካፖርት ለብሰው ተመለሱ። የቀራቸው አንድ ዘመቻ ብቻ ነበር። የንዳድ ክኒን በሕመምተኞች ፈትነው ውጤቱን እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልላኩ የምስክር ወረቀቱ አይሰጣቸውም።

ስለዚህ ከድንጋይ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አሰሙ፦ «ከእናንተ አሥራ ሁለቱ መድኃኒት፣ አሥራ ሁለቱ የመድኃኒት መልክ ያለው ዱቄት ትወስዳላችሁ። ማን የቱን እንደ ወሰደ ከእኔና ከሣጥኑ በቀር የሚያውቅ የለም። ከነገው በዓል ማግስት ጀምራችሁ በየቀኑ አንድ አንድ ዋጡ።» ለእያንዳንዱም ስድስት ስድስት ክኒን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡ፤ ሰውንም ሁሉ ስሙን ትተው በቁጥር ጠሩት።

ቁጥር አሥራ ሰባት የተባለችው ካሰች ባሏ የሞተባት፣ ጤፏ ሳይታጨድ በማሳ የቆመባት ሴት ናት። ንዳዱ በየሁለት ቀኑ ይጥላታል፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ራሷን ስታለች። እህቷ ጥሩብርሃን ወረቀቱን ፈትታ አንዱን ክኒን በምላሷ ነካ አደረገችው። የንዳድ ክኒን እንደ እሬት እንደሚመር ካምናው ሕመሟ ታውቃለች፤ ይህ ግን ምንም ጣዕም አልነበረውም። ወዲያው ወደ ዋርካው ተመልሳ፣ እህቴ ሌላ ውድቀት አትችልም፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ ይለውጡልን ብላ ከእግራቸው ወደቀች።

ጤና መኮንኑ ግን ልባቸው አልተናወጠም። ሣጥኑን በሁለት ቁልፍ ዘግተው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦ «ቁጥር አሥራ ሰባት ከተለወጠች ምርምሩ ይፈርሳል። ምላስም የምርምር መሣሪያ ነው ተብሎ በመጽሐፉ አልተጻፈም።» ይህን ብለው በበቅሎዋ ተቀምጠው፣ ሣጥኑን ደሳለውን አሸክመው፣ በታላቅ ግርማ ወደ ወረታ ተመለሱ።

በማግስቱ ሚካኤል ነግሦ ከገባ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጽዋው ሳይቀመስ ሙሴ ሰጠኝ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ከአንድ ጽዋ የምንጠጣ ሰዎች ነን። አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው ዱቄት ይዞ ከዚህ ቤት አይወጣም። ያላችሁን ከሰፌዱ ላይ አፍስሱ።»

መቶ አርባ አራት ክኒን ሆነ። ጥሩብርሃንና ሁለት ሴቶች ተቀምጠው አንድ በአንድ በምላስ እየነኩ መራራውን ወደ ቀኝ፣ ጣዕም የለሹን ወደ ግራ ለዩ። አንለይ የሚባለው ማኅበርተኛ፣ ለቀማሾቹ ቶሎ ጠላ ይቀዳላቸው፣ ይህ ምሬት ከምላሳቸው ካደረ ነገ መከራው የባሎቻቸው ነው አለ። መራራው እንደ ሕመሙ ክብደት ተከፈለ፤ ካሰችም ከሁሉ በፊት ስድስቱን ሙሉ ወሰደች። ዱቄቱ ለዶሮ ተበተነ።

ኅዳር ሃያ አምስት ቀን ጸሐፌ ትኩሳት በበቅሏቸው መጡ። ሃያ አራቱም ድነው ቆመዋል፤ ካሰችም ማጭድ ይዛ ከማሳዋ መጥታለች። እያንዳንዱን፣ ከእኔ የተሰጠውን ክኒን ውጠሃል ወይ ብለው ጠየቁ። ከእርሳቸው ያልተሰጠ ክኒን በአገሩ ስላልነበረ ሁሉም አዎን አለ። ካሰች ግን የሰፌዱን ነገር ልትነግራቸው ጀመረች። ያን ጊዜ ሦስተኛውን አዋጅ አሰሙ፦ «ለአዎንና ለአይደለም እንጂ ለሌላ ቃል በወረቀቱ ላይ ሥፍራ አልተሰመረም።» እርሷም አዎን ብላ ወደ ማሳዋ ተመለሰች። እርሳቸውም ዱቄትና መድኃኒት ንዳድን እኩል ይፈውሳሉ ብለው ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ላኩ።

እንግዲህ እኒህን ሰው ከማን ጋር እናወዳድራቸው? የቀደሙት ጀግኖች ጠላታቸውን አይተው፣ ስለላ ልከው፣ መካሪ ጠይቀው ድል አደረጉ። ገናናው አለኸኝ ግን ሳያዩ፣ ሳይሰሙ፣ ሳይቀምሱ ድል አደረጉ። ስማቸው በመዝገብ፣ መዝገባቸው በሣጥን፣ ሣጥናቸው በደሳለው ጫንቃ ላይ ለዘላለም ይኑር።

በጥር ወር ለጤና መኮንኑ የምስክር ወረቀት፣ ለክሊኒኩ በመድኃኒት ፈንታ ስድስት ጣሳ የዱቄት ክኒን መጣ። የቁሐር ሚካኤል ሰዎች ቀምሰው መለሱት።