ክቡር የገጽ ተቆጣጣሪ

በየሰፈሩ በእንግድነት መጥቶ ሳይጠግን የማይወጣ ሰው አለ። አንዱ የበርህን ማጠፊያ ያጠብቃል፣ ሌላው ራዲዮህን ይፈታል። የእኛ ሰፈር የከዚራው አቶ አብዱሰመድ የሚያክሙት ግን መጽሐፍ ነበር።

ክቡርነታቸው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። መጽሐፍ ሲያገኙ አያነቡም፤ ይቆጣጠሩታል። አውራ ጣታቸውን እያረጠቡ የገጹን ቁጥር ከፊት እስከ ኋላ ይፈትሻሉ። በደርግ ጊዜ ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽን ሲሳሳት፣ አንዱ መጽሐፍ ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ይደገማል፣ ሌላው ላይ ጭራሹን ይቀራል። እሳቸው ከተደገመበት ፈትተው ለጎደለው ይሰፋሉ። ተመሳሳዩ እስኪገኝ መጽሐፍህ እሳቸው ቤት ተኝቶ ይታከማል፤ መቼ እንደሚወጣ አይጠየቅም። በዚያ ዘመን ሌላው ሰው መጽሐፍ የሚደብቀው ከፈታሽ ነበር፤ እኔ ከአቶ አብዱሰመድ።

ጎረቤታችን ወርሳሜ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብተው «አላህ ያጽናሽ» ካሉ በኋላ እጃቸው ወደ መደርደሪያው ሄደ።

«አቦ፣ ይሄ ከሰማንያ ወደ ዘጠና ሰባት ይዘላል!»

«ውሰደውና ዝም በል» አለች ባለቤቱ ዳሃቦ።

ጉዱ የመጣው በቀበሌው የውይይት ክበብ ነው። ካድሬው ጓድ ሀብተ ማርያም ለየቤቱ የታደለውን መጽሐፍ ያነብልናል፣ እኛ እናጨበጭባለን። አንብቦ አንብቦ፣ ያነበበውን ገጽ እንደገና ጀመረ። እኛም እንደገና አጨበጨብን። አቶ አብዱሰመድ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ ይሄን ቅድም አንብበኸዋል።»

ካድሬው ከመጽሐፉ ቀና አለ።

«መጽሐፉ ስህተት አለበት ነው የምትለው?»

«ሐሳቡን እኔ አላየሁም፤ ስፌቱን ነው። አቦ ስጠኝ፣ ፈትቼ ልይልህ!»

እንዲህ ያለ ሰው ያኔ ቤቱ አያድርም። ቀበሌ ታሰሩ፤ በማግስቱ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይተላለፋሉ ተባለ። ወደዚያ ከተላለፈው የሚመለሰው ጥቂት ነበር።

ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ ለእኔ የታደለኝን ቅጂ ከብርድ ልብስ ሥር አወጣሁና፣ እኔም አውራ ጣቴን አርጥቤ ገጽ መቁጠር ጀመርኩ። ከሠላሳ ሁለት ቀጥሎ አሥራ ሰባት!

ጠዋት ይዤው ወደ ካድሬው ሄድኩ። «ጓድ፣ የእኔም ይደግማል። የማተሚያ ቤት ጥፋት ነው።»

የራሱን ገለጠ፣ የእኔን ገለጠ፤ ላብ አጠመቀው። ሰውየውን ካስተላለፈ፣ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቦ እንዳልታወቀው ለአለቆቹ ሊያስረዳ ነው።

«ሰውየውን ይዘህ ሂድ» አለ፤ «ነገሩም እዚሁ ይቅር።»

አቶ አብዱሰመድ ጢማቸው አድጎ ወጡ። ሰው በማየት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እጄ ላይ ቀረ።

«አንተ! ይሄን ይዘህ ነው ዝም ያልከኝ? የመጋላዋ ሀሊሞ ቤት ያለው ቅጂ እኮ እነዚሁ ገጾች ጎድለውታል!»

መጽሐፉን ነጥቀው፣ ቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ፣ በቀጥታ ወደ መጋላ ሰፈር ወደ ሀሊሞ ቤት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መደበቁን ተውኩ። ግን መጥተው መደርደሪያዬን ፈትሸው ሁሉም ሙሉ ሲሆንባቸው ፊታቸው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይነሳሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ስገዛ ባለ ሱቁ እየተገረመብኝ ገጽ እቆጥራለሁ፤ የጎደለውን መርጬ እገዛለሁ።