ለበቅሎዬ ያወራሁት ሩሲያኛ

የባዕድ ቋንቋ መማር አንድ ነገር ነው፤ እንዳይጠፋ መያዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ስትማር መምህር አለልህ። አገርህ ስትገባ ግን ማን ያናግርሃል? እኔ ሶቭየት ኅብረት ሄጄ ስለ ቡና በሽታ ተምሬ (ቡና በማይበቅልበት አገር! እሱን ተዉት) ጂማ ስመለስ፣ ሰፈራችን ሄርማታ ውስጥ ኦሮምኛውንም ዓረብኛውንም የሚያቀላጥፍ ሞልቶ ሩሲያኛዬን የሚሰማልኝ ጠፋ። ባለቤቴ አልማዝ ትንሽ ሞከረችና "አፌን አታጣምምብኝ" ብላ ተወችው።

የቀረችኝ በቅሎዬ ዳማ ናት። የግብርና መሥሪያ ቤታችን መኪና ነዳጅ ባጣ ቁጥር ማናና ጎማ ወረዳዎች ድረስ ገበሬ ዘንድ የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። ጀርባዋን ኮርቻ ልጦት ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቁስሏን እያጠብኩ በሩሲያኛ ሹክ እላታለሁ። ስትፈናጠር "ስቶይ!" እላታለሁ፤ ቁሚ ማለቴ ነው። ቁስሏ ሲደማ "ክሮቭ፣ ክሮቭ" እያልኩ ደሟን እጠርጋለሁ። ስሳሳት አትስቅብኝም።

ሰው ሹክሹክታዬን ጠረጠረ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቀስ ብሎ ማውራት አያዋጣም። የቀበሌው ሊቀመንበር መጡ። የምን ቋንቋ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "የጓዶች ቋንቋ ከሆነ ምን ያንሾካሹክሃል? ጮክ በል!" አሉኝ። ትእዛዝ ነው፤ ጮህኩ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ "ማሎ! እባክህ በጠዋት ከበቅሎ ጋር ምን ያጣላሃል?" ይሉኝ ጀመር።

አልማዝን ምጥ የያዛት ቀን እኔ አጋሮ የቡና ኮታ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሆስፒታል ያደረሷት አዴ ዘይነባ ናቸው። ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ያን ሳምንት ገና ሆስፒታሉ የገባችው ሩሲያዊት ሐኪም ጓንቷን አውልቃ ወጣች፤ ነርሷም ሌላ ክፍል ተጠራች። አዴ ዘይነባ ብርድ ልብሱን ቢገልጡ አልጋው በደም ርሷል። እየሮጡ ቢወጡ ሐኪሟ መኪና ውስጥ ልትገባ ነው። አስተርጓሚውስ? እሱም ስብሰባ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከስብሰባ የሚቀረው ምጥ የያዘው ብቻ ነበር።

"ስቶይ!" አሉ አዴ ዘይነባ፣ ልክ እኔ ዳማ ላይ እንደምጮኸው። ሐኪሟ ክው ብላ ቆመች። "ክሮቭ! ክሮቭ!" አሉ፣ በእጃቸው ወደ ክፍሉ እያመለከቱ። ሐኪሟ ተመልሳ ሮጠች።

በማግስቱ ስደርስ አልማዝ ገርጥታ፣ ግን ቀና ብላ አጥሚት ትጠጣለች። አለቀስኩ።

"አዴ፣ ቃሉን ከየት አገኙት?"

"ስትጮህ ሰምቼ ነዋ! ሩሲያኛ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የበቅሎህን ደም ስትጠርግም በአጥሩ ቀዳዳ አይሃለሁ። አልሐምዱሊላህ በል!"

ክርስቲያን ነኝ፤ ግን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ ዳማን ካላየሁ ብላ ስኳር ይዛ ቤታችን መጣች። ስኳር ለእኛም በራሽን ነበር፤ አልማዝ በቅሎዋን በቅናት ታያት ነበር።

ዛሬ ሐኪሟም አገሯ ገብታለች፣ ዳማም የለችም። ዘመኑ ቢለወጥም ስብሰባው ግን አልቀረም። ሩሲያኛዬም አልጠፋም። ጠዋት ስብሰባ ረፍዶብኝ ስሮጥ አዴ ዘይነባ ከበራቸው ላይ "ስቶይ!" ይሉኛል። የአልማዝንና የልጅቷን ደኅንነት ሳልነግራቸው ንቅንቅ የለም። እቆማለሁ። ስብሰባው ይጠብቀኝ።