የአቶ ኢድሪስ ዳርቻ

ሰው የትም ሳይሄድ የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቤት ለመተኛት ነው፤ መሥሪያ ቤትም፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለማዛጋት ነው። ወጉስ የት ይወጋ? እኛ የቀበና ሰዎች ለዚሁ ጉዳይ ወንዙ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንዲት የሣር ሜዳ ቢጤ ነበረችን።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጎረቤቴ አቶ ኢድሪስ ምጽዋ አጠገብ ካለች ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ልጃቸውን ለሁለት ሳምንት ሊጠይቁ መጥተው፣ መንገዱ በጦርነት ተዘጋባቸው። ሁለቱ ሳምንት ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የመጡ ሰሞን የዛፎቹን ስም ጠየቁኝ።

“ባሕር ዛፍ” አልኳቸው።

“ባሕሩስ?”

በጣቴ ወንዙን አሳየኋቸው።

እሑድ እሑድ እዚያች ሣር ላይ ተቀምጠው መንደራቸውን ያወሩልን ነበር። አያቶቻቸው ዕንቁ ፍለጋ ባሕር የሚጠልቁ፣ አባታቸው ጀልባ ሠሪ ነበሩ። በልጅነታቸው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንደርተኛው አሸዋው ላይ ይወጣ ነበር፤ ወንዱ ዶሚኖ ይጫወታል፣ ሴቱ ምንጣፍ ዘርግቶ ይስቃል፣ ልጁ ባሕሩ ላይ ከተዘረጋው የእንጨት ድልድይ እየተወረወረ ይዋኛል።

አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠርቶ ሣሩ ታርሶ ጥቅል ጎመን እንደሚተከልበት ነገረን። አጨበጨብን። ያን ጊዜ እጃችን ከጆሯችን ይቀድም ነበር። አቶ ኢድሪስ ግን ተነሡ።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጎመን ጥሩ ነው። ሰው በልቶ የት ይቀመጥ? የእኛን ዳርቻ መጀመሪያ ለመጋዘን ወሰዱት፤ ዝም አልን። ቀጥሎ ለጦር ሰፈር ወሰዱት፤ ዝም አልን። ኋላ ባሕሩን በድምፁ ብቻ የምናውቀው ሆንን።”

“ጦር ሰፈር” ሲሉ ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

“ጎመኑ ይቅር” አለ በመጨረሻ።

እንደገና አጨበጨብን፤ ይኼኛውን እንኳ ሰምተን ነው።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼኔ ነው። ሊቀ መንበሩ ነገሩ ልቡን ነክቶት ኖሮ፣ በወሩ ሣራችንን “የሰፊው ሕዝብ መዝናኛ” አደረጋት። በቆርቆሮ አጠራት፤ ቀኑን ሙሉ ማርሽ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ሰቀለባት፤ በሩ ላይም “ያለ ሥራ መቀመጥ ክልክል ነው” ብሎ አስጻፈ።

አቶ ኢድሪስ ጽሑፉን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ክንዴን ያዙና ማርሹ እስከማይሰማበት ድረስ ወንዙን ሽቅብ ወጣን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

“ይቀዘቅዛል” አሉ። “በዚህ ሰዓት እኮ የእኛው ለብ ይላል፣ ልጄ።”

በተከታዩ ክረምት አረፉ። እኔ እስከ ዛሬ ባሕር አላየሁም። ይናፍቀኛል ግን።