ይቅርታ ጠያቂዋ ባለአክሲዮን

እየተቆጣ የሚቃወም ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ይቅርታ እየጠየቀ የሚቃወም ግን ከእኛዋ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ከሚኒሶታ ውጭ የሚበቅል አይመስለኝም። በየሰፈራችን አንድ አይጠፋም። የእኛ ሰፈሯ፣ ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ቶሌፍሰን፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ።

ወይዘሮ አርዲስ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰዎች ሐይቅ ዳር የወደቀ ጠርሙስ ሲለቅሙ አብረው ይለቅሙና ቀና ብለው፣ "ስለማስቸግራችሁ ይቅርታ፣ ግን ለዚህ ሁሉ ጥፋት ገንዘቡን የሚያበድረው ማነው?" ይላሉ። ይህችን ጥያቄ ለከንቲባው፣ ለቄሱ፣ አፋቸው ውስጥ መሣሪያ እያለ ለጥርስ ሐኪማቸው ሳይቀር አቅርበዋታል።

መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ከሟች ባላቸው ጋር ዓሣ ያጠምዱበት ከነበረው፣ ዳር ዳሩን የዱር ሩዝ ከሚበቅልበት ሐይቅ በላይ የመዳብ ማዕድን ሊቆፈር ነው። አበዳሪው የመንገዳችን ጥግ ላይ ያለው ባንክ ነው።

"ቁፋሮውን እኔ አላስቆመውም" አሉኝ። "ገንዘቡ ግን ጎረቤቴ ነው።"

ስለዚህ በየሐሙሱ ባንኩ በር ላይ መፈክር ይዘው ይቆማሉ። ከሁሉ ጎልቶ የተጻፈው ቃል "እባካችሁ" የሚለው ነው። ሰው አዳልጦት እንዳይወድቅ ደግሞ አስቀድመው የባንኩን ደጅ በረዶ በአካፋ ይጠርጋሉ።

"ወይዘሮ አርዲስ፣ ሊቃወሙን ነው ወይስ ሊቀጠሩ የመጡት?" ይላቸዋል ጥበቃው።

"ዝም በልና ያመጣሁልህን ኬክ ብላ! ኮፍያህስ የታለ? ጆሮህ ቲማቲም መስሏል።"

በኋላ የባንኩን አንድ አክሲዮን ገዙ። አንድ አክሲዮን ያለው ሰው በዓመታዊው ጉባኤ ሁለት ደቂቃ መናገር ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ደቂቃዎቹ ያለቁት ለቀረበው ብስኩት ሲያመሰግኑ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሰብሳቢውን የአቶ ከርት ናይጋርድን እናት ጤና ሲጠይቁ አለቀባቸው። ከርት በልጅነቱ የእሳቸው አውቶቡስ ተሳፋሪ ነበር።

ዘንድሮ ቀልድ አልነበረም። ብድሩ በሚቀጥለው ወር ይፈረማል።

"በቀጥታ ወደ ጥያቄው፣ እሺ?" አልኳቸው ወደ ጉባኤው ስንሄድ መኪና ውስጥ።

"እሺ ልጄ። ሰላም ሳልል ግን?"

"ሰላም ሳይሉ!"

ተራቸው ደርሶ ማይክሮፎኑን ያዙ። "እንደምን አደራችሁ" አሉ። ስለ ፀሐይዋ መውጣት ተናገሩ፤ የቦርዱ አባላት ሥራ እንደሚበዛባቸው ገልጸው አዘኑላቸው፤ ወንበሩ እንደሚመች መሰከሩ። ደወሉ ጮኸ።

"ወይዘሮ ቶሌፍሰን፣ አዝናለሁ፣ ጊዜዎ አልቋል" አለ ከርት።

"ኧረ ምንም አይደል" አሉ።

ምንም አይደል! ሐይቁ ሊሞት ነው እኮ።

ተነሣሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ለማንም ሳልናገር፣ እኔም አንድ አክሲዮን ገዝቼ ነበር።

"የእኔን ሁለት ደቂቃ ለወይዘሮ አርዲስ ሰጥቻለሁ።"

"ኧረ አይሆንም ልጄ፣ ያንተ ነው።"

እኛ ሚኒሶታዎች ዘንድ የተሰጠን ነገር ከሦስተኛው ግብዣ በፊት መቀበል ነውር ነው። ሰዓቱ ግን ነውር አያውቅም፤ መቁጠር ጀምሯል።

"ይውሰዱት፣ እባክዎ።"

"አንተስ? የምትናገረው ይኖርህ ይሆናል። ሰው ፊት መናገር ለአንተ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ ቤት ተዘግተህ . . ."

"ወይዘሮ አርዲስ! ስለ እግዚአብሔር ይውሰዱት!"

"እንግዲያው፣ ይህን ያህል ካልክ።"

አርባ ሰከንድ ቀርቷል። ወደ ከርት ዞሩ።

"ከርት፣ ሐይቁ ቢበላሽ ባንኩ የሚያጣው ነገር አለ?"

ከርት ወረቀቱን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠው። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን "ግዴለም፣ ከባድ ጥያቄ ነው" ብለው ከጭንቁ ያወጡታል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ማይክሮፎኑን እንደያዙ ዓይን ዓይኑን እያዩ መልሱን ጠበቁ።

ደወሉ ሲጮኽም አልተቀመጡም።