ሳያነቡ የማያባዙት እትዬ ዲሪቤ

ማንኛውም ከተማ ሲቆረቆር ውሃና ገበያ ከተገኘለት በኋላ አንድ አራሚ ይመደብለታል። ለመቱ ከተማ የደረሱት ክብርት እትዬ ዲሪቤ ናቸው፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት። ሌላው ኮፒ ቤት ወረቀቱን ተቀብሎ ያባዛል። እሳቸው መነጽራቸውን ያደርጋሉ። «ቆይ፣ ላንብበው።»

የዕድር ጥሪ «እሑድ ጥር ስድስት» ብሎ ቢመጣ፣ «ስድስት ሰኞ ነው፤ ማን ሊመጣላችሁ?» ብለው ይመልሱታል። አንድ የያዮ ገበሬ ቡናው ጋራ ሥር መሆኑን በኦሮምኛ ሲያመለክት አንዲት ፊደል ቦታዋን ስታበት gaara (ጋራ) የነበረው garaa (ሆድ) ሆነና «ሆዴ ሥር» የሚል ማመልከቻ ይዞ ቀረበ። «እዚያ ስንት እግር ተክለሃል?» አሉት ክብርትነታቸው። የሙሽራዋን አባት ስም አርመው ሠርግ ሊያፈርሱ ነበር የሚልም አለ።

ተማሪው ብሥራት ይህን እያወቀ እሳቸው ዘንድ የሄደው ሌሎቹ ኮፒ ቤቶች ቀለም ስለጨረሱ ነው። ነገ የባዮሎጂ ፈተና አለ። መጽሐፉ ለአርባ ተማሪ አንድ ስለሆነ፣ እሱ አሳጥሮ የጻፈው አንድ ገጽ የክፍሉ ሁሉ ተስፋ ነው።

እትዬ ማንበብ ጀመሩ። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን እንደ ዚፕ ይከፍተዋል። በየአሮጌው ክር ትይዩ አዲስ ክር ይሠራል፤ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር እየተጣመሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ታች ላይ ይቺን ኤ ለምን ለሲ ዳርካት?»

«እትዬ፣ አንዲት ፊደል እኮ ናት። መብራት ሳይሄድ ያባዙልኝ።»

«አንዲት አይደለችም። አርባ ናት።»

ብሥራት እየተነጫነጨ ሰርዞ አስተካከለ። እሳቸው የሚቀጥለውን ጮክ ብለው አነበቡ፦ የሚገለብጠው ኤንዛይም የተሳሳተ ፊደል ካስገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይነቅለዋል፣ ትክክለኛውን ተክቶ ይቀጥላል። ብሥራት ሳምንት ሙሉ የሸመደደው ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን መነጽር አድርጎ ፊቱ ቆሟል።

ይህን ሲያስብ መብራት ሄደ።

የክፍሉ ልጅ አሜን «ኮፒው የታለ?» እያለች ስትደርስ እትዬ አግዳሚ ወንበር ወደ በራፍ አውጥተው ነበር። «ደብተር ይዘሻል? በይ ጻፊ።» አሜን ከብሥራት ገለበጠች፤ ሁለት ሆነ። ዮሚፍና ሂካ መጡ፤ አራት ሆነ። እየተጠራሩ ስምንት፣ ከዚያም አሥራ ስድስት። እትዬ በመካከላቸው እየዞሩ ያነባሉ። «ዮሚፍ፣ ተመለስ። ጂህን ለማን ትተሃት ነው የምትሮጠው?»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ ማሽኑም ማጉረምረም ጀመረ። ሂካ የራሱን ወረቀት ይዞ ብድግ አለ። «ተገላገልን። የቀረውን እሱ ያባዛልን።»

ብሥራት ሊሄድ ያነሣውን ጃኬቱን መልሶ አስቀመጠው።

«መጀመሪያ እትዬ ይዩት» አለ። «ማሽኑ አያነብም።»