የጴጥሮስ ላፕቶፕ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ

ከባዶ መጀመርን የማይወድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አዲስ ደብተር የገዛ ተማሪ የመጀመሪያውን ገጽ እንዴት ባለ ቁም ጽሕፈት እንደሚጀምረው ታውቃላችሁ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሞነጫጭረውም ታውቃላችሁ። ይህን የምነግራችሁ ዘመን ደግሞ አገር ሁሉ አዲስ ደብተር የገዛበት ዘመን ነበር። መሥሪያ ቤቶች በሙሉ አሮጌ አሠራራቸውን ጥለው ከነጭ ወረቀት እንዲጀምሩ ታዘዙና ግድግዳ ፈረሰ፣ ጠረጴዛ ተገፋ፣ የክፍል ኃላፊ ይባል የነበረው ሁሉ «የሥራ ሂደት መሪ» ተባለ። ሰውዬው ያው ነው። ወንበሩም ያው ነው።

እኔም ብሆን ከባዶ ከጀመሩት አንዱ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ሲገባለት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወሰድኩና በሦስተኛው ሳምንት የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ተገኘሁ። ሐዋሳ ታቦር ሠፈር ውስጥ የኮምፒውተር መምህር መሆን ወጌሻ እንደ መሆን ነው። ሰው የታመመበትን ታቅፎ በር ያንኳኳል፤ «እስቲ እየው» ይላል፤ አንተም እንደምታውቅ ሰው ፊትህን ኮስተር አድርገህ ታያለህ።

ጴጥሮስም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ የመጣው እንደዚሁ ነው። ጴጥሮስ ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጎረቤቴ ነው፤ በአንድ ቢሮ ውስጥ የሥራ ሂደት መሪ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰው። ሚስቱ ሲስተር አማረች ምሥራቅ በኩል ካለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ላፕቶፑ የቤቱ ሁሉ ነው፤ እሱም፣ እሷም፣ ልጆቹም ይጠቀሙበታል።

«መምህር፣ ይኼ ነገር ሞቷል» አለኝ። «እስኪከፈት ድረስ ቁርስ ሠርተህ በልተህ ትጨርሳለህ።»

«ቫይረስ ይሆናል። ላጽዳው?»

«ማጽዳት ይቅር። ፋብሪካ እንደወጣ አድርገህ መልስልኝ። ይቻላል አሉ።»

ይቻላል። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ሆዳቸው ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተወለዱበትን ቀን ደብቀው ይይዛሉ። ሲበሩ የታወቀውን ቁልፍ ከተጫናችሁ፣ ወደ መጀመሪያው ልመለስ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አዎ ካላችሁ የጻፋችሁትን፣ ያነሳችሁትን፣ የሰበሰባችሁትን ሁሉ ይረሱና ስማችሁን እንደ እንግዳ ይጠይቋችኋል። ለዚህ ነው ማንም ሰው ሲያመጣልኝ ሦስት ጊዜ የምጠይቀው።

«ውስጡ የምትፈልገው ነገር የለም?»

«ምንም።»

«ፎቶ? የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ? በፍላሽ ልገልብጥልህ።»

«ምንም የለም አልኩህ።»

«አማረችስ? የእሷ ነገር አይኖርበትም?»

«የእሷ ሪፖርት ነው፤ ደግሞ ትጽፈዋለች።» ከዚያ ጨመረበት። «ከጠፋ በኋላ ማንም ሊያወጣው አይችልም፣ አይደል?»

ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ ልብ ብዬ ብሰማው ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር። አልሰማሁትም። ቁልፉን ተጫንኩ። ጴጥሮስ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ መቶኛው እየቆጠረ ሲወጣ የታመመ ልጁን ሙቀት እንደሚለካ አባት አፍጥጦ ተመለከተው። ሰባ ላይ ሲደርስ «እኛ ቤት ይኼ ዳግም ልደት ነው የሚባለው» አለኝ። እኔ በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን አላስረዘምኩትም። መቶ ሲሞላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ፎጣውን አጣጥፎ ላፕቶፑን በብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። ሲሄድ አረማመዱ ቀሎት ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ መውጫ ላይ አማረች መጣች። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ቁጭ በይ ስላት አልተቀመጠችም።

«ላፕቶፑ ላይ ምን አደረጋችሁበት?»

ነገርኳት። እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ የአሜሪካ ዲቪ ሞልታ ነበር። ለጴጥሮስ አልነገረችውም። ጴጥሮስ የአንድ ለአምስት ቡድኑን ሰብስቦ «አገር ውስጥ ሠርቶ መለወጥ ይቻላል» ሲል የሚውል ሰው ስለሆነ፣ እቤቱ ውስጥ ዲቪ የሚባል ስም መነሳቱን ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቀዋለች። እንኳን ሚስቱ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ የተሞላውን ፎርምና ቁጥሩ ያለበትን ገጽ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጣ፣ ፎልደሩን «የክትባት ሪፖርት» ብላ ሰየመችው። ብልህ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ሪፖርት ከሚባል ነገር የተሻለ መደበቂያ አልነበረም፤ ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አይከፍተውም።

«ፍላሽ ላይስ አልያዝሽውም?»

«ቫይረስ በላው። የሞላሁበት ኢንተርኔት ቤትም ተዘግቷል፤ ኢሜሉን የፈጠሩልኝ እነሱ ናቸው፣ እኔ አላውቀውም። ውጤቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። ያለ ቁጥሩ ደግሞ አይታይም።» ቀና ብላ አየችኝ። «የልጆቹን ነገር አስቤ ነው የሞላሁት፣ መምህር። ለራሴማ ሐዋሳ መች ጎደለብኝ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አበው። ዲስክ የሚባለውን ነገር ቢያዩት ኖሮ ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩት ነበር። ጠፋ ሲባል ብዙውን ጊዜ የጠፋው የመጽሐፉ ማውጫ ነው፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ በየጥጉ ተኝተው ይቆያሉ። ይህን ነገርኳት፤ ተስፋም እንዳታበዛ ነገርኳት። በማግስቱ ለባሏ «ድምፁ አልሠራ አለኝ» ብላ ላፕቶፑን አመጣችልኝ።

የጠፋ የሚፈልገውን ፕሮግራም ለቅቄበት ግማሽ ቀን ሠራ። ከእንዲህ ያለ ፍለጋ የሚገኘው ነገር ስም የለውም፤ ሁሉም በቁጥር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ግዴታ ነው። የሰው ቤት ጓዳ መግባት በሉት። መዘምራኑ በአንድ ዓይነት ልብስ ተሰልፈው፣ ትንሿ ልጅ ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ፣ ትልቋ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ዕለት ከጓደኞቿ ጋር፣ ግማሹ የተበላ የክትባት ሰንጠረዥ። ከዚያ የአማረች ፎርም ወጣ። የእሷ ስም፣ ከሥሩ የባሏ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ከዚያ የሁለቱ ልጆች። አራት ፎቶ። ቁጥሩም አለ። እሰይ ብዬ ቀጣዩን ከፈትኩ።

ቀጣዩም ዲቪ ነው። ፎቶው ላይ ጴጥሮስ ከረባት አስሮ ፈገግ ብሏል። የትዳር ሁኔታ፦ ያላገባ። የልጆች ብዛት፦ ዜሮ።

ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ ስመጣም ያላገባ ነው።

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ ካንድ ላፕቶፕ ሲቀዳ ያየው የመጀመሪያው ሰው ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። እሷ ከእሱ ደብቃ እሱን ሞልታለች። እሱ ከእሷ ደብቆ እሷን አጥፍቷታል። አሁን ሁለቱም እኔ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቀላል ነው አትበሉኝ። ብነግራት የአሥራ አምስት ዓመት ቤት ሊፈርስ ነው፤ ባልነግራት በየቀኑ በሬ ላይ ስታልፍ «እንደምን ዋልክ» ስትለኝ እንደ ሌባ አንገቴን ልደፋ ነው። እንደ ሽማግሌ ሁለቱንም ላስቀምጥ ብል ደግሞ ማን ላከህ ይሉኛል። ስንት ዓመት የወንዝና የተራራ ስም ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ካርታ የለውም።

የእሷን ብቻ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። የእሱን አጠፋሁት። አንዳንድ ጊዜ ዝም ማለት ብልህነት ነው ይባላል፤ የእኔው ግን ፍርሃት ነበር፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

አማረች ፍላሹን ስትቀበለኝ ዓይኖቿ ሞሉ። «ሌላ የወጣ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ፎቶዎች» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና አመስግና ሄደች።

ጴጥሮስን ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ሐይቁ ዳር አገኘሁት፤ ልጆቹን ይዞ ጉማሬ ሊያሳይ ነው። ልጆቹን ወደፊት አሳለፈና ጠጋ ብሎ «ያ ነገር አልቆለታል፣ አይደል?» አለኝ።

«የትኛው?»

«ላፕቶፑ። የጠፋው።»

«አልቆለታል» አልኩት። እጄን አጥብቆ ጨበጠኝና ልጆቹን ሊደርስባቸው ሮጠ። ትንሿን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረጋት። ሰውን በአንድ ወረቀት መጥላት እንዴት እንደሚያስቸግር ያን ቀን አየሁት።

ውጤቱ ወጣ። አማረች ደረሳት።

ለባሏ ስትነግረው ምን እንዳለ አላየሁም፤ እሱ ራሱ እንደነገረኝ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የደስታ ነው ብሎኛል። የራሱን ውጤት አይቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አገር ውስጥ ሠርቶ መለወጥ ስለሚባለው ነገርም አላነሳሁበትም፤ እሱም አላነሳው። ቤታቸው የምስጋና ጸሎት ተደረገና ጎረቤት ሁሉ ተጠራን። ጴጥሮስ ተነሳ፤ በዚያ ወፍራም ድምፁ «ጌታ የአራታችንን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎታል» አለ። ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። አማረች ለስላሳ እያዞረች ነበርና እኔ ዘንድ ስትደርስ እንደሌላው ሰው ሁሉ «ብርቱካኑን ነው ኮካውን?» አለችኝ።

ከቃለ መጠይቁም፣ ከምርመራውም በኋላ መሄጃቸው ደረሰ። ዋዜማው ላይ አማረች ልትሰናበተኝ ብቻዋን መጣች። ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ተጫወትን። ልትወጣ በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«የእሱንም አይተኸዋል፣ አይደል?»

መልሱን ከፊቴ ወሰደችው።

«እኔ ካንተ በፊት ነው ያየሁት» አለችኝ። «መስከረም መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያው በአዲስ ቅጽ ሪፖርት ጻፉ አለን። የእሱን አሠራር ልይ ብዬ ‹የቢሮ ሪፖርት› የሚለውን ፎልደሩን ከፈትኩት።»

በዚያ ዘመን የሰው ሪፖርት የከፈተ አንድ ሰው ቢገኝ እሷ ሆነች።

«ታዲያ እንዴት የእሱን ስም …» ብዬ አልጨረስኩትም።

«ተናድጄ ነው ኢንተርኔት ቤት የሄድኩት። እኔም ብቻዬን ልሞላ። የምትሞላው ልጅ ስሜን ጻፈችና ‹ባል አለሽ ወይ?› አለችኝ። የለኝም ልል ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አለኝ አልኩ። እኔ እንጃ፣ አፌ ነው ያለው። ከዚያ የልጆቹን ስም ጠየቀችኝ።»

«እንዳየሽበት አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? አንተም እንዳትነግረው።»

በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ የሚያደርሳቸው መኪና በራቸው ላይ ቆሞ ሠፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሻንጣ ተጫነ፣ ተለቀሰ፣ ተሳሳምን። አማረችና ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ። ጴጥሮስ ግን ገና ውጭ ቆሞ ፓስፖርቶቹን ይቆጥራል። አራት። ኪሱ ከተታቸውና እግሩን መኪናው ላይ ሰቀለ። ደግሞ አወረደው፣ አወጣቸው፣ እንደገና ቆጠረ። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። አማረች በመስኮት አየችው።

«አራት ነን፤ ግባ» አለችው።

ገባ።