የእርቁ ካሴት

ጌም መምረጥ የልጅ ሥራ ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ልጅማ ምን አለበት! ያገኘውን ይጫወታል፣ ሲሰለቸው ጥሎት ይሄዳል። ጢም አውጥቶ፣ ትዳር ይዞ፣ በሰው አገር ሱቅ ከፍቶ ጌም የሚመርጥ ሰው ግን መጫወቻ ብቻ አይደለም የሚመርጠው፤ ከማን ጋር እንደሚጣላና በምን እንደሚጣላም አብሮ ይመርጣል። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ኸሪፍ በሚሉት በአንድ የዝናብ ወቅት፣ ያ ጥቁር ጭቃ ጫማችንን ከእግራችን ላይ እየነጠቀ በሚያስቀርበት ክረምት የተማርኩት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ተሻገር ይሉኛል። ጎረቤቴ ዑስማን ብስክሌት ይጠግናል። የሱቃችን ግድግዳ አንድ ነው። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም፣ ሁለታችንም የጎንደር ልጆች ነን፤ ድንበሩንም በመተማ በኩል አንዲት ኮዳ ውሃ እየተቀባበልን በአንድ ቀን ነው የተሻገርነው። አንድ የጌም ማሽን አለን። አለን ስል እንዲህ ነው፤ ማሽኑ የኔ፣ ቴሌቪዥኑ የሱ። ስለዚህ ስንጣላ ሁለታችንም ምንም የሌለን ሰዎች ነን።

ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ካሴት የሚጎርሰው ዓይነት። በዚያ ጊዜ ሌላው ሁሉ ወደ ሲዲ ዞሯል። ሲዲ ግን የገዳሪፍን አቧራ አይችለውም፤ አንድ ቀን ነፋስ ከነፈሰበት አላነብም ብሎ ቁጭ ነው። የኛን ካሴት ግን እፍ ትሉበታላችሁ፣ ትሰኩታላችሁ፣ ይሠራል። አልሠራ ካለም ደግማችሁ እፍ ትሉበታላችሁ፤ ከዚህ የተለየ ጥገና አያውቅም። ዘጠኝ ካሴት በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደርድረን ነበር የምናስቀምጠው። ከዘጠኙ አንዱ «መቶ ጌም በአንድ» የሚል ተጽፎበታል። ከፍተን ስናየው አራት ጌም ሃያ አምስት ጊዜ ስም እየቀየረ ነው። ስም ያወጣው ሰው ድካም ግን አሁንም ያሳዝነኛል።

ከሁሉም የምንወደው ቡጢውን ነበር። ሁለት ቦክሰኞች፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሌላ ታሪክ የለውም።

በዚያ ሰሞን ለሁለት ሦስት ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ይገናኙ ነበር። እኔ በዘጠኝ ሰዓት መብላት እችላለሁ። ዑስማን ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ውሃም የለ። አፉ የደረቀ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ እናንተ እንጀራ ስትጠቀልሉ ይታያችኋል? እኔስ አልታየኝም። ስለዚህ እጠብቀው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ሱዳኖች ለረመዳን ከማሽላ በሚያዘጋጁት በዚያ ቀይ መጠጥ፣ በሑሉ ሙር፣ አብረን እንፈታለን። መጠበቄን ግን አልነገርኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ከተወራ ምኑን ጾም ሆነ? በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሱቄ ገብቼ ጸሎቴን ስለማደርስ፣ እሱ እዚያ በልቼ የምወጣ፣ ማታ ደግሞ ለወግ ያህል አብሬው የምቀምስ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን በአሥር ሰዓት ግድም አራት ጊዜ አከታትዬ መሬት ላይ ዘረርኩት። በጌሙ ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌ አላርፍ አለና፣ ጾሙ ክንድህን አዛለው እንዴ አልኩት። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አንተማ በዘጠኝ ሰዓት ሆድህን ሞልተህ እየመጣህ ለምን አታሸንፍ» አለኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ግን እኔ ነገር በሆዴ ይዤ መቃጠል እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መዳን አልሆነልኝም። ማሽኔን ከነገመዱ ነቅዬ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ወር ተኮራረፍን። በአንድ ግድግዳ! እሱ ጎማ ሲነፋ እሰማዋለሁ፣ እኔ ስሰፋ ይሰማኛል። የቀረውን ፍልሰታ በዘጠኝ ሰዓት ለብቻዬ በላሁ፤ ማንን ልጠብቅ? ምግቡ ምግብ ምግብ አላለኝም። ናፍቆኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

በዓመቱ ሁለቱ ጾሞች ሲቃረቡ ሽማግሌ ገባ። አንዱ የሰሊጥ ደላላው ሐጂ ኢድሪስ ናቸው፤ ሌላው የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ሽማግሌ አያ ደምሴ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያላስታረቁት ሐበሻ ገዳሪፍ ውስጥ የለም። ቂም ይዛችሁ ጾም ልትገቡ ነው ወይ አሉን። የጠባችን ምክንያት ይቅረብ ሲባል ካሴቱን አቀረብነው። ሐጂ ኢድሪስ ገለባብጠው አዩት፤ አያ ደምሴም ተቀብለው ገለባበጡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየጾሙ መደባደባቸው፣ በሥዕልም ቢሆን፣ ነውር መሆኑን አስረዱን። እኔ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፣ ዑስማን «አፉ ብያለሁ» አለ፣ ተሳሳምን። የዘጠኝ ሰዓቷን ነገር ግን ያን ጊዜም አልተናገርኳትም፤ ኩራት እንዲህ ነው።

ውሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቡጢው ካሴት መያዣ ሆኖ ሐጂ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። በምትኩ እኛ ሌላ ካሴት እንገዛለን፤ አንዳችን ሌላችንን የማንመታበት፣ አንዳችን ሌላችንን የማናሸንፍበት። እነሱም መጥተው ያዩታል። በዓለም ላይ ብዙ የእርቅ ውል ተፈርሟል፤ የጌም ምርጫ የገባበት ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ምርጫው ሁለት ቀን ፈጀ። ገበያው መሀል አሮጌ ሬዲዮና ሪሞት የሚሸጥ አንድ ሱዳናዊ አለ፤ ካሴቶቹን በካርቶን ከምሮ መሬት ላይ ነው የሚያስቀምጣቸው። ቁጢጥ ብለን አንድ በአንድ መመርመር ያዝን። እግር ኳስ? አንዱ ያገባል፣ አንዱ ይገባበታል፤ ተመለሰ። የመኪና ውድድር? አንዱ ይቀድማል። ካርታ ያለበትን ሲያይ ዑስማን፣ በረመዳን ቁማር ልታስነካኝ ነው ወይ ብሎ እጁን ሰበሰበ። ታንክ ያለበትን ሳንነጋገር ሁለታችንም ባንድ ላይ ወደ ካርቶኑ መለስነው። ከታንክ ሸሽተን የመጣን ሰዎች ታንክ በገንዘባችን አንገዛም። ጡብ የሚደረደርበት አንድ ጨዋ ጌም ነበር፤ ማንም ማንንም አይነካም። ግን የአንድ ሰው ነው። ዑስማን ሲያነሣው፣ ይሄ ለብቻ ነው አልኩት። ለብቻማ አሥራ አንድ ወር ተቀምጫለሁ። ቀና ብሎ አየኝና አስቀመጠው። ሻጩ በበኩሉ፣ እንዲህ የሚጨነቁ ገዢዎች አይቶ ስለማያውቅ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እያለ ያጽናናን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከካርቶኑ ሥር አገኘነው። ሥዕሉ ላይ ሁለት ሐማሎች አንድ ትልቅ ሣጥን ግራና ቀኝ ይዘው ድልድይ ይሻገራሉ። አንዱ ሐማል እኔ፣ አንዱ እሱ። እኩል ከተራመድን እንሻገራለን። አንዳችን ከቀደምን ሣጥኑ ያጋድልና ወንዝ ይገባል። ቆመን ከዘገየንም ሳንቃው ይሰበራል። ማሸነፉም መሸነፉም አብሮ ነው። ከዚህ የበለጠ የጾም ጌም ከየት ይመጣል? ዑስማን ዓይኑ እንባ አቀረረ ልበላችሁ? አላቀረረም። ግን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ፤ ለሱ ይህ ከእንባ ይበልጣል።

እናንተዬ፣ አብሮ መሸነፍ ምን ያህል ክፉ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ? በቡጢው ጊዜ አንዳችን ስንወድቅ ቢያንስ ሌላችን ደስ ይለን ነበር። እዚህ ግን ሣጥኑ ወንዝ ሲገባ ደስ የሚለው ማንም የለም። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ማን ቀደመ? እኔ አልቀደምኩም። እሱም አልቀደመም። ሣጥኑ በራሱ ነው የዘለለው?

ሁለቱም ጾሞች ገብተው ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ሳቅንበት። በሁለተኛው ቀን እሱ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ አለኝ፣ እኔ ሁልጊዜ ትጎተታለህ አልኩት። «ሁልጊዜ» የምትባለው ቃል ከገባች ነገሩ ከጌም እንደወጣ ባለትዳር ሁሉ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ሳንነጋገር ተጫወትን። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ዑስማን ሑሉ ሙሩን ቀድቶ ሰጠኝና የራሱን ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ጠጣ። ዘንድሮም ለብቻዬ ልበላ ነው አልኩ በሆዴ።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ለምርመራ መጡ። እኛ ዓይናችንን በጨው አጥበን እንደ መላእክት ተቀመጥን። የጌሙን ነገር ስናስረዳቸው በጣም ደስ አላቸው፤ አያ ደምሴማ ይህንስ ባልና ሚስት ሁሉ ቢጫወተው አሉ። ቀጥሎ፣ ይህን ያህል ምን ይከብዳል፣ እስቲ ወዲህ በሉት አሉና ጆይስቲክ ተቀበሉ። ሐጂም ሁለተኛውን ያዙ።

ሁለቱ ሐማሎች ድልድዩ አፍ ላይ ደረሱ። አያ ደምሴ፣ ሐጂ እርስዎ ይቅደሙ አሉ። ሐጂ፣ ኧረ ምን ሲደረግ፣ እርስዎ ይቅደሙ አሉ። እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ሳንቃው ተሰበረ። እንደገና ጀመሩ። አሁን እያንዳንዳቸው፣ እሳቸው እንደሆኑ አይቀድሙም ብለው በሆዳቸው ወሰኑና ሁለቱም ቀደሙ፤ ማለት አንዱ ትንሽ ቀደሙ። የትኛው እንደሆኑ አየሁ፤ ግን ዛሬም አልናገርም። በስድስተኛው ሣጥን ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀድሜዎት አላውቅም!» የሚል ቃል ተሰማ። ይህን ያሉት ሁለቱም ናቸው።

አያ ደምሴ በላይኛው መንገድ፣ ሐጂ በታችኛው፣ ጭቃውን ለየብቻ እየረገጡ ሄዱ። በማግሥቱ ሰሊጥ ተራ ላይ ሰላም ሳይባባሉ ተላለፉ። አገር ምድሩ ደነገጠ። ሽማግሌ ሲጣላ ወደ ማን ይኬዳል? ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ይግባ ተባለ። ከሥሩ የምናውቀው ደግሞ ሁለታችን ብቻ ነን።

ሽማግሌ ተኮራርፎ ሽምግልና አይሄድም፤ ቃሉን አስቀድሞ አንድ ማድረግ አለበት። በዘጠኝ ሰዓት ግድም ከሱቃችን ወጣን። ጥቂት እንደሄድን ዑስማን ቆም አለና፣ ሳትበላ ነው እንዴ የምትመጣው፣ ሂድና ብላ፣ እጠብቅሃለሁ አለኝ። አልበላም አልኩት። ለምን አለ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«ከአንተ በፊት በልቼ የማውቀው መቼ ነው?»

አንድ እግሩ ጭቃው ውስጥ እንደተቀረቀረ ቀረ። አምናስ አለኝ። እስከተጣላንባት ቀን ድረስ አልኩት። በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሱቅህ የምትገባውስ አለ። ስጸልይ ነው አልኩት። ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ፤ ጾም ይነገራል እንዴ አልኩት። ከዚያ እስከ ሐጂ ቤት ድረስ ክንዴን ይዞ ሄደ፤ ጭቃው አዳልጦት እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልበት እየተጠነቀቀ። እኩል ነው የተራመድነው፤ አንዳችንም አልቀደምንም።

ሽምግልናውን እነሱ እንዳስተማሩን አደረግነው፤ ጉሮሮ መጥረጉ ሳይቀር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየጾሙ በሣጥን መጣላታቸው ነውር መሆኑን አስረዳን። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙን፣ ተሳሳሙ፣ አያ ደምሴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ውሉንም አነበብን፤ የሐማሎቹ ካሴት መያዣ ሆኖ ሐጂ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ሐጂ ሣጥናቸውን ከፍተው እሱን አስገቡ፣ የቡጢውን አወጡ፣ በእጅጌያቸው ወልወል አድርገው ሰጡን።

«እንካችሁ» አሉን፤ «በሰላም ተደባደቡ።»

የዚያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ አራታችንም ከአንድ ትሪ ፈታን። ዑስማን ሑሉ ሙሩን ቀድቶ ራሱ ሳይቀምስ ለኔ አስጨበጠኝ። ከዚያ ካሴቱን እፍ ብለን ሰካነው። አራት ዙር ተጫወትን፤ አራቱንም አሸነፍኩ። እንዴት ደስ አለኝ! ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የገባኝ፤ የሱ ሰማያዊ ቦክሰኛ አንድ ጊዜ እንኳ ክንዱን አላነሣም ነበር። ሆን ብሎ ነው የተሸነፈልኝ። የዘጠኝ ሰዓቷን ነገር ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ። ይህችን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።